ያልገባውን ጎል ማን ይቆጥራል?

የሀዋሳ ኳስ አፍቃሪ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም የተቆጠረችውን ጎል አይረሳትም። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሪት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ስትገጥም ኳሷን ከመረብ ያገናኘው ከሀዋሳ የተገኘው አዳነ ግርማ ነበር። መናኸሪያ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች የአፍሪካ ዋንጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር የአዳነ ስም ይነሳል። ሲያንሰው ነው።

ግን የዚያን ቀን ሌላም ሥራ ተሠርቷል። በረኛው ጀማል ጣሰው ከእረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድኑ በ10 ሰው ቀረ። ዛምቢያ ለእረፍት ከመውጣቱ በፊት አንድ አገባች። ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ በሙሉ በ10 ሰው የተጫወተው ቡድን ግን ምንም ሳይቆጠርበት ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የአዳነ ጎል በስሙ ተመዝግባለች። ያልገቡት የዛምቢያ ጎሎችስ በማን ስም ይመዝገቡ?

በዚህ ጥያቄ አብዝተው የተጨነቁት የቅርጫት ኳስ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው ኤንቢኤ ኳስ መንጠቅንና ወደ ቅርጫት የተወረወረ ኳስ በአየር ላይ ማክሸፍን፣ ማለትም ብሎክን፣ በይፋ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973/74 የውድድር ዘመን ነው። ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር በ13 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው የመከላከል ንጉሥ ቢል ራስል በ1969 ጫማውን ሲሰቅል ስንት ኳስ እንዳከሸፈ የሚናገር ይፋዊ መዝገብ አልነበረም።

ቆጠራው ሲጀመር የተረሱ ሰዎች ስም አገኙ። 2 ሜትር ከ31 የሚረዝመው የደቡብ ሱዳን ልጅ ማኑት ቦል በኤንቢኤ ሕይወቱ ያስቆጠረው ነጥብ 1,599 ሲሆን ያከሸፈው ኳስ ግን 2,086 ነው። በነጥብ ብቻ ቢለካ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

ይሁን እንጂ ብሎክም ሁሉንም አይናገርም። ተመትቶ ከሜዳ የወጣ ኳስ ተመልሶ ለተጋጣሚ ይሰጣል። ብሎክ ፍለጋ በየኳሱ የሚዘል ተጫዋች ደግሞ ሰውዬውን ለቆ ክፍት ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ አጥቂው ፈርቶት ጭራሽ ያልወረወረው ኳስ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ነገሩን ለመረዳት የመናኸሪያውን ተራ አስከባሪ ማየት ይበቃል። ሥራውን በደንብ የሠራ ቀን ግፊያም ጠብም የለም፤ ማንም ልብ አይለውም። ዋጋው የሚታወቀው የቀረ ዕለት ነው። በቅርጫት ኳስ ፕላስ ማይነስ የሚባለው ስሌትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሲሆን ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ተቆጠረበት? ሲወጣስ? እንበል እሱ ባለበት ጊዜ 60 ነጥብ ገብቶ 50 ከተቆጠረ፣ ሰውዬው ፕላስ 10 ነው። መከላከሉን ብቻ ለማየት የተቆጠረውን ለብቻ ይይዙና፣ አንዱ ጨዋታ ፈጣን ሌላው ቀርፋፋ ስለሆነ በየ100 ጥቃቱ ያሰሉታል።

እዚህም ላይ ግን ጣጣ አለ። ተራ አስከባሪው የቀረው የበዓል ዋዜማ ከሆነ ግርግሩ ሁሉ በእሱ መቅረት የመጣ አይደለም። ከጎበዞች ጋር የሚሰለፍ ሰነፍም እንዲሁ ፕላስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መላ ከፈለጉት አንዱ አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ዳን ሮዘንባውም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ያደረጉት ስሌት አብረው የተሰለፉትንም ተጋጣሚዎችንም አቻችሎ የእያንዳንዱን ድርሻ ለመለየት የሚሞክር ነው። ከ2013/14 ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የኤንቢኤ አዳራሾች የተተከሉ ካሜራዎች ተከላካዩ ከወርዋሪው ስንት ርቀት ላይ እንደነበር ጭምር መዝግበዋል።

የዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ የሂውስተን ሮኬትሱ ሼን ባቲየር ነው። ነጥቡ ጥቂት፣ ብሎኩም የሚያስደንቅ አልነበረም። እንደ ኮቢ ብራያንት ያለውን ኮከብ ሲይዝ ግን ወደማይመቸው ቦታ እየገፋ፣ እጁን ከዓይኑ ፊት እየዘረጋ አስቸጋሪ ኳስ ያስወረውረዋል። ሮኬትሶች ዋጋውን ያወቁት እሱ ሲገባ ቡድናቸው ሲሻሻል በቁጥር ስላዩ ነው።

እግር ኳሱም በዚህ ጉዳይ ዋጋ ከፍሏል። ማንችስተር ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2001 ያፕ ስታምን ለላዚዮ ሲሸጥ፣ የሚነጥቃቸው ኳሶች ቁጥር መቀነሱ አንዱ ምክንያት እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ጥሩ ቦታ የሚይዝ ተከላካይ ግን መንሸራተት ብዙም አያስፈልገውም። ዩናይትድ በቀጣዩ የውድድር ዘመን በሊጉ 45 ጎል ተቆጥሮበት ሦስተኛ ወጣ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰንም ስታምን መሸጣቸው ስህተት እንደነበር ኋላ ላይ ተናግረዋል።

ይሄ የእንጀራም ጉዳይ ነው። አጥቂ ለኮንትራት ሲደራደር ጎሎቹን ይቆጥራል። ተከላካዩስ ምን ይዞ ይቀርባል? ጎል በእግር ኳስ ጥቂት ስለሆነ የቅርጫት ኳሱ ስሌት እንዳለ አይሠራም። ተከላካዩ ሲኖርና ሳይኖር ተጋጣሚ ወደ ጎል የሞከረውን ምትና ወደ ሳጥን ያስገባውን ኳስ ደቂቃ እየያዙ መቁጠር ግን ይቻላል። ካሜራ አይጠይቅም፤ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሰዓት ይበቃል። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም የሊጉን ዋንጫ ያነሳው የሀዋሳ ክለብም ሆነ ሌላው፣ ለዚህ አንድ ሰው ቢመድብ ተከላካዩም የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።