የጥንት ዐረብኛ የአለት ጽሑፎችና የዲጂታል ምስል

በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ፣ በዑላ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በአለት ላይ የተቀረጸ አጭር ጽሑፍ ተገኘ። ጸሐፊው ስሙ ዙሀይር መሆኑንና የጻፈውም ዑመር በሞቱበት ወቅት፣ በ24ኛው ዓመት መሆኑን ይናገራል። ተመራማሪዎች ዑመር የተባሉት ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ናቸው ይላሉ። ለእኛ ለመምህራን ግን ከዘመኑ ባላነሰ ትኩረት የሚሻው የፊደላቱ ነጥብ ነው። ነጥብ በአል-ሐጃጅ ዘመን በነስር ኢብኑ ዓሲም እንደ ተጀመረ እናስተምራለን፤ ይህ አለት ግን አስቀድሞም ይታወቅ እንደ ነበር ያሳያል። ዘገባው ስለ ሙስሐፍ በመሆኑ ውድቅ አይሆንም። «ተጀመረ» የሚለውን ግን «ተስፋፋ» ብንለው ይሻላል።

እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቀድሞ የሚጠናው በአመዛኙ በእጅ ግልባጭ ነበር። ገልባጩ የደበዘዘውን ፊደል በግምት ሲሞላ፣ ተከታዩ አንባቢ ግምቱን እንደ ጽሑፉ ይቀበላል። ዛሬ ካሜራው በአንድ ቦታ ተተክሎ፣ ብርሃኑ ብቻ ከተለያየ ጎን እየተዘዋወረ ብዙ ምስል ይነሣል። ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አዋሕዶ ለዓይን የተሰወረውን ጭረት በጥላው ያወጣዋል። ከዚህም በላይ ፈላጊው ራሱ ተለውጧል፤ በዐረቢያ በረሃ የሚጓዙ፣ ሙያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች በስልካቸው ያነሡትን ለባለሙያዎች ያደርሳሉ። ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ምሕረትን የሚለምኑ መንገደኞች ዱዓ ናቸው። የታሪክ ጥያቄውም ከኸሊፋዎች ግቢ ወደ ተራው ሙእሚን እየዞረ ነው።

ይሁንና ምስልም ዘገባ ነው፤ ኢስናድ ያሻዋል። ማን፣ የት፣ መቼ እንዳነሣው ያልታወቀ ፎቶግራፍ ሰንሰለቱ እንደ ተቋረጠ ሐዲስ ነው። በስልክ መልእክት ሲተላለፍ ምስሉ ይጨመቃል፤ በውስጡ የተመዘገበው ቦታም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ጥራቱ በኮምፒውተር ሲጎላም የአለት ስንጥቅ ነጥብ ሊመስል ይችላል፤ «ባእ»ን ከ«ታእ» የሚለየው ነጥብ በመሆኑ ስሕተቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ያልተነካው የመጀመሪያው ምስል ከተስተካከለው ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በመቐለ አቅራቢያ በኩሓ፣ ቢለት በተባለው ስፍራ፣ ወደ 1000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው ዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል፤ የዐረቢያዋን የማማን የሚያስታውስ «አል-የማሚ» የሚል ኒስባም ተነቦባቸዋል። (በመቃብር ላይ መጻፍን ብዙዎቹ ፉቀሃእ መጥላታቸው ይታወቃል፤ ተጽፎ የተገኘውን ማንበብና መጠበቅ ግን ሌላ መስአላ ነው።) በየመቃብራችን ያልተነበበ ድንጋይ ሊኖር ይችላል። መስጂድ ሲታደስ ወይም አጥር ሲታጠር እንዲህ ያለ ድንጋይ ከግንቡ ከመግባቱ በፊት ኢማሙ ሊመዘግበው ይችላል። ምሽት ላይ የእጅ ባትሪ ከጎን አስጠግቶ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ማስመሪያ አኑሮ፣ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ያንሣ። ድንጋዩን አይጠበው፣ ፊደሉንም በጠመኔ አያድምቀው። ቀኑንና ቦታውን በወረቀት ይጻፍ። ትክክለኛውን ቦታ ለቅርስ ጽሕፈት ቤትና ለአጥኚ ይንገር እንጂ በአደባባይ አይለጥፈው፤ ውድ ሀብት ፈላጊ ቆፋሪዎችም ያነባሉና።