ከክርስትናው በፊት የሚቸኩለው እብጠት

ሲወለድ ምንም አልነበረም። ቢኖርም ትንኝ የነከሰችው የሚመስል ፈዛዛ ነጠብጣብ ነው፤ አራስ ጠያቂዎችም «ማርያም ስማዋለች» ብለው ገንፏቸውን በልተው ይሄዳሉ። በሁለተኛው በሦስተኛው ሳምንት ነጠብጣቧ ትቀላለች፣ ከቆዳው ከፍ ትላለች። ወንዱ በ40 ቀኑ ልደታ ማርያም ክርስትና ሲነሣ ግንባሩ ላይ እንጆሪ የመሰለ ነገር ጉብ ብሏል። ሐኪሞች የሕፃናት ሄማንጂዮማ የሚሉት ይህንን ነው።

ሄማንጂዮማ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ግድግዳ የሚሠሩት ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲባዙ የሚፈጠር እጢ ነው። እጢ ይባል እንጂ ካንሰር አይደለም፤ ከልጅ ወደ ልጅም አይተላለፍም። በሌላው ዓለም የተሠሩ ጥናቶች ከ100 ሕፃናት 4 ወይም 5 ያህሉ ላይ እንደሚወጣ ይገምታሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ጊዜያቸው ሳይደርስ ወይም ክብደታቸው አንሶ የተወለዱት ላይ ደግሞ ይብሳል። እናትየዋ በእርግዝናዋ አምሯት ያጣችው ምግብ ወይም ያን ጊዜ ያከከችው ገላ የለበትም፣ ጎረቤት ምንም ቢል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እነዚህ ሕዋሳት ግሉት-1 የተባለ ፕሮቲን እንደሚይዙ አሳየ። ይኸው ፕሮቲን የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች ላይም አለ። ዝምድናው ከየት እንደመጣ ግን ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ምልክት አለ። ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው፣ ጠፍጣፋና የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ከልጁ ጋር እኩል እያደገ የሚቀር ነው። እሱ እጢ ሳይሆን የደም ሥሮቹ የአፈጣጠር ችግር ነው፤ በራሱም አይጠፋም። ሙሊከንና ግሎዋኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለቱን እስኪለዩ ድረስ ነገሩ ሁሉ በአንድ ስም ይጠራ ነበር። ለዚህ ነው ሐኪሙ ቀድሞ «ሲወለድ ነበረ ወይስ በኋላ ወጣ?» ብሎ የሚጠይቀው። ከዚያ በጣቱ ጫን አድርጎ ይለቀዋል። እብጠቱ ሲጫኑት ይገረጣል፣ ጥቂት ይሟሽሻል፤ ሲለቁት ደሙ ተመልሶ ይሞላል። ጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደ ነጮቹ መማሪያ መጽሐፍ አይጎላም። ከቆዳ ሥር ጠለቅ ያለው እንዲያውም ሰማያዊ ጥላ ያረፈበት ለስላሳ እብጠት ብቻ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ «ተመትቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የሄማንጂዮማ ዕድገት የሚቆጠረው በሳምንት ነው። በጣም የሚፈጥነው ከ5ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ነው፤ 3 ወር ሲሞላ ከሚደርስበት መጠን 80 በመቶውን ደርሷል። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እብጠቱ ዋናውን ሥራውን ሊጨርስ ተቃርቧል ማለት ነው። በ1 ዓመት አካባቢ ጉዞው ይገለበጣል፤ መሐሉ ይገረጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል። አብዛኛው 4 ዓመት ገደማ ላይ መክሰሙን ይጨርሳል፤ ትልቅ የነበረው ግን የላላ ቆዳ ወይም ቀጫጭን የደም ሥር ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ለወጣ ትንሽ ሄማንጂዮማ «ተዉት፣ ራሱ ይጠፋል» የሚለው ምክር ልክ ነው። በክር ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ቅጠል መለጠፍ ግን እብጠቱ ራሱ የማይተወውን ጠባሳ ይተዋል።

ያው «ተዉት» የሚለው ምክር ቦታው ሲለወጥ ጥፋት ይሆናል። የላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ያደገ ሄማንጂዮማ ብርሃን ከጋረደ አንጎል ያንን ዓይን መጠቀም ይተዋል፤ እብጠቱ ቢከስምም እይታው ላይመለስ ይችላል። አገጭና መንጋጋ ዙሪያ የተንሰራፋው በጉሮሮ ውስጥ ጓደኛ ሊኖረው ይችላል፤ ሕፃኑ ሲተነፍስ ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ከንፈርና ዳይፐር የሚነካው ቦታ ላይ ያለው ይቆስላል፤ ልጁ ሽንቱን በሸና ቁጥር ይጮኻል። ቁጥራቸው 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉበት በአልትራሳውንድ ይታያል።

እዚህ ላይ ነው የሕመሙ ቀን አቆጣጠርና የሕክምናችን ቀን አቆጣጠር የማይገጥሙት። አዲስ አበባ ውስጥ መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ በሪፈር ወረቀት ከፍ እያለ ልደታ ክፍለ ከተማ ወዳለው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይደርሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ይህ ሆስፒታል የሕፃናት ሕክምናም የሕፃናት ቀዶ ሕክምናም ያለበት፣ ከየክልሉ የተላከ ሁሉ የሚደርስበት ነው። የዓይን ጉዳይ ከሆነ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ይኬዳል። በሪፈር ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ወር ብዙ አይባልም፤ ለሄማንጂዮማ ግን ሁለት ወር ዕድሜ ልኩን ነው። በእኔ እምነት ዋናው አጋጣሚ የ45 ቀን ክትባት ነው። እናት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ የምትመጣበት ቀን እብጠቱ እጅግ ከሚፈጥንበት ሳምንት ጋር ገጥሟል። ለክትባት ጭን ሲገለጥ ፊቱንና መቀመጫውንም ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። በየሳምንቱ በስልክ የተነሳ ፎቶ ካለ ደግሞ ፍጥነቱን ከማንም ቃል በላይ ያስረዳል።

ቶሎ የደረሰ ልጅ የሚያገኘው መድኃኒት አዲስ አይደለም። ፕሮፕራኖሎል ጄምስ ብላክ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለልብ ሕመም የሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎቹ አንዱም ይኸው ነው። ለሄማንጂዮማ የዋለው በአጋጣሚ ነበር። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ አፍንጫው ላይ ትልቅ ሄማንጂዮማ የነበረበት ሕፃን በሚሰጠው ስቴሮይድ የተነሳ የልቡ ጡንቻ ወፈረ፤ ለልቡ ፕሮፕራኖሎል ተሰጠው፤ በማግሥቱ የአፍንጫው እብጠት ቀለሙ ተለውጦ ለስልሶ ተገኘ። ክርስቲን ሌኦቴ-ላብሬዝና ባልደረቦቿ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያሳትሙ የብዙ አገር ሐኪም አሠራሩን ለወጠ። ለትንሹና ከቆዳ ሥር ላልጠለቀው ሄማንጂዮማ ብቻ ደግሞ የግላኮማ የዓይን ጠብታ የሆነው ቲሞሎል ቆዳው ላይ ይደረጋል።

ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ችግሩ መጠኑ ነው። 4 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 2 ሚሊግራም ሲታሰብ የቀኑ 8 ሚሊግራም ይሆናል፣ ጠዋትና ማታ 4፣ 4። ክኒኑ ደግሞ 40 ሚሊግራም ሊሆን ይችላል። ሽሮፑ በማይገኝበት ፋርማሲስቱ ክኒኑን ፈጭቶ በልኩ ይበጠብጠዋል፤ እናት በሲሪንጅ ለክታ ትሰጣለች። ይህ ቤት ውስጥ በግምት የሚሠራ አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ልብ ይደመጣል፤ መጠኑ የሚጨመረው ቀስ በቀስ ነው፤ ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቢያንስ 6 ወር ይወሰዳል፤ ቶሎ ከተቋረጠ እብጠቱ ሊያገረሽ ይችላል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሊያወርድ ስለሚችል የሚሰጠው ከጠባ በኋላ ነው፤ ልጁ አስመልሶት ወይም ተቅማጥ ይዞት ጡት እምቢ ካለም እስኪጠባ ድረስ ይቆማል፣ ሐኪሙም ይጠየቃል።