ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያው ጥቁር አስፋልት ነው። በላዩ ነጭ መስመርና ነጭ ቁጥር ተቀብቷል። አስፋልቱም ነጭ ቢሆን ኖሮ አብራሪው ምኑን ያየው ነበር? ጠመኔም የሚታየን ሰሌዳው ጥቁር ስለሆነ ነው።

የአገራችን ሠዓሊዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል። ቀለምን ብቻ ሳይሆን ፊትንም ያቃርናሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ደግ ሰው ከነሙሉ ፊቱ ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው ግን በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታየዋል። ይሁዳ እንዲህ ነው፤ ሰይጣንም እንዲሁ። ለምን ይመስላችኋል? ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወዳጅና ጠላቱን በአንድ እይታ እንዲለይ ነው። ብልሃት ነው እኮ!

የዓድዋ ሥዕልም ይህንኑ ደንብ ይከተላል። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ሠዓሊዎች ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ሥለውታል። አብዛኛውን ጊዜ ኢትዮጵያውያን በግራ፣ ጣሊያኖች በቀኝ ይሰለፋሉ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ይታያል። የኛዎቹ ባለ ሁለት ዓይን ናቸው፤ ጣሊያኖቹ ባለ አንድ ዓይን።

እንዲህ ያለው ሥዕል ዛሬ ተጠቅልሎ፣ በመንገደኛ ሻንጣ ከቦሌ ይወጣል። ባዕድ አገር ያለ ሰው ደንቡን ካላወቀ፣ «ሠዓሊው ፊት መሣል አይችልም» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይህ ያስቆጫል። እናንተም ለሚሄድ ዘመድ ሥዕል ከሰጣችሁ፣ ከጀርባው በእጃችሁ ጻፉበት፦ «ሁለት ዓይን ወዳጅ፣ አንድ ዓይን ጠላት።»