ከበረዶ ሥር የተነሣች አበባ

ደገኛ ውርጭን ያውቃል። ሌሊት የወረደ ውርጭ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። መሬቱ ራሱ ዓመት እስከ ዓመት እንደ ድንጋይ የሚረጋበት አገር ግን አለ። ይኸውም በሩሲያ ያለው ሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ ነው። እዚያ በበጋ የሚለቀው ከላይ ያለው ስስ አፈር ብቻ ነው።

በዚህ ብርድ አገር አንዲት ትንሽ ነጭ የዱር አበባ ትበቅላለች። ሊቃውንት ሲሌኔ ስቴኖፊላ ይሏታል። ስለ እርሷ ለምን እንጽፋለን? ነገሩ የዘር ነገር ስለሆነ ነው። ዘር ደግሞ የገበሬ ሕይወት ነው።

ከ32 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በኮሊማ ወንዝ አጠገብ አንድ የአይጥ ዘመድ ጉድጓድ ማሰ። የእርሻ አይጥ እህል እንደሚያከማች ሁሉ፣ እርሱም የዚህችን አበባ ፍሬ አከማቸ። ከዚያ ጉድጓዱን አፈርና በረዶ ደፈነው። ተመራማሪዎች ሲያገኙት ከመሬት በታች 38 ሜትር ላይ ነበር። ብርዱም ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ነበር።

ታዲያ ዘሩ በቀለ? የበሰለው ዘር እንኳ አልበቀለም። ተመራማሪዎቹ ግን ካልበሰለው ፍሬ ውስጥ ዘሩ የሚያያዝበትን ሥጋ ቆርጠው ወሰዱ። በብልቃጥ ውስጥ እየመገቡ አሳደጉት። ችግኝ ሆነ፤ በአፈር ተተከለ። አበበ፤ አፈራ፤ ዘሩም ተዘርቶ በቀለ። ይህን ለዓለም ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ በጣም ተደነቅን።

ፍሬው ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልበሰበሰም? ቅዝቃዜው አንድ ቀን እንኳ ስላልተቋረጠ ነው። ሻጋታና ነቀዝ ሙቀትና እርጥበት ይወዳሉ። በበረዶ ውስጥ ግን ሊሠሩ አይችሉም።

አዲስ አበባ ያለው የአገራችን የዘር ባንክም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የገብስ፣ የማሽላና የጤፍ ዘር በደንብ ደርቆ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጥበታል። ከማሳ የጠፋ ዘር እዚያ ሊገኝ ይችላል።

በቤታችን እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ማድረቅ ግን በእጃችን ነው። ስለዚህ የዘሩን እህል ከምግቡ ለዩ፤ በፀሐይ በደንብ አድርቁት። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ዝናብም አያስገባ። ከመዝራታችሁ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የበቀለውን ቁጠሩ። ግማሹ ካልበቀለ ሌላ ዘር ፈልጉ። ማሳው ባዶ ከሚሆን ጨርቁ ላይ ማወቅ ይሻላል።