ዳገቱ አይደለም፣ ትርፍ አንጀቴ ነበር

ከላምበረት መናኸሪያ በላይ ወደ የካ ጋራ የሚወጣውን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ አምስት ሆነን እንነሳና በባሕር ዛፉ መሃል እስከ አናቱ እንሽቀዳደማለን። ሕጉ አንድ ነው፤ መጨረሻ የወጣ የሁሉንም ቁርስ ይከፍላል። በዛሬ የፉልና የጨጨብሳ ዋጋ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት እምብርቴ አካባቢ ሲቆርጠኝ አድሯል። እራትም አላሰኘኝም ነበር። እናቴ «ብርድ ገብቶህ ነው» ብላ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ ሰጠችኝ፤ እኔም አመንኳት። በእኛ ቤት ብርድ ያልተወነጀለበት በሽታ የለም።

በማግስቱ ዳገቱ ላይ ግማሽ መንገድ ስንደርስ ሕመሙ ከእምብርቴ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ወረደ። አቅለሸለሸኝ። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ጋራው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሁሉንም በዳገቱ አሳበብኩ። ጓደኞቼ ከላይ «አይዞህ፣ በርታ!» ይላሉ። ጥሩነሽ ዲባባም ትዝ አለችኝ፤ በ1999 ዓ.ም. ኦሳካ ላይ ሆዷን እያመማት፣ ከመሪዎቹ ርቃ ከቀረች በኋላ ተመልሳ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወስዳ የለ? እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው «ልጄ፣ ፊትህ አመድ መስሏል፤ ተመለስ» አሉኝ። በዚያ ጠዋት ልክ የተናገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛ ወጣሁ። ቁርሱን አልከፈልኩም፣ አልበላሁምም።

ነገሩ የገባኝ ስንወርድ ነው። ዳገት ያደክማል፣ ቁልቁለት ያሳርፋል እንላለን። እኔን ግን ቁልቁለቱ ነው የጨረሰኝ። እግሬ መሬት በረገጠ ቁጥር ቀኝ ሆዴን በቢላ የወጉኝ ያህል ይሰማኝ ጀመር። ሚኒባስ ውስጥማ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የፊቴን ወንበር ጨምድጄ እይዝ ነበር። ሐኪም ቤት ደርሼ ይህንን ለሐኪሟ ስነግራት ብዙ አልጠየቀችኝም። ሆዴን ቀስ ብላ ተጫነችና ድንገት ለቀቀችው። ሲለቀቅ ነው የጮኽኩት። ማታውኑ ኦፕራሲዮን ሆንኩ።

ትርፍ አንጀት ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ ጣት የሚያክል ቀጭን ከረጢት ነው። አፉ ሲደፈን (በደረቀ ሰገራ ሊሆን ይችላል) ውስጡ ያብጣል፣ ጀርም ይራባበታል፣ ካልተደረሰበትም ሊፈነዳ ይችላል። ሲቆጣ የሆድ ዕቃውን ሽፋን አብሮ ስለሚያስቆጣ ሳልም፣ ዝላይም፣ መንገጫገጭም ያሳምማል። በልጅነታችን «በልተህ አትሩጥ፣ ትርፍ አንጀት ይይዝሃል» ይሉን ነበር፤ ሩጫው የለበትም። በልቶ ለሮጠ የሚመጣበት ተራ ውጋት ነው፤ እሱ ደግሞ ቀስ ሲሉ ይለቃል። የእኔው ቆሜም አልለቀቀኝ፣ ተኝቼም።

አልጋ ላይ ሳለሁ የጠያቂዎቼ ሁሉ ወሬ አበበ ቢቂላ ነበር። «አበበ ትርፍ አንጀቱን ታሞ አይደል እንዴ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው! አንተ የካን ብትወጣ ምን ይገርማል?» ታሪኩ እውነት ነው፣ ግን ተቆርጦ የሚወራ ነው። አበበ ደብረ ዘይት ልምምድ ላይ ሳለ ሲያመው ልምምዱን ትቶ ሆስፒታል ገባ፤ መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ በመስቀል ሰሞን ወጣ። ጥቅምት 11 ቀን ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፣ የዓለም ፈጣን ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድሞ። ልብ በሉ እንግዲህ፤ በታመመ ትርፍ አንጀት አልሮጠም። ያለ ትርፍ አንጀት ነው የሮጠው። በ35 ቀን! (እኔ በ35ኛው ቀኔ የቤታችንን ደረጃ ነበር በእረፍት የምወጣው።)

ያው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ እግሩ እምቢ ሲለው አቋርጦ ወጣ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። የቶኪዮውን ለልጆቻችን እናወራለን፣ የሜክሲኮውን ግን እንደ ነውር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፈዋለን። ለእኔ ያ ማቋረጥ ከማንም ወርቅ አያንስም።

ስለዚህ እሑድ ጠዋት ዳገቱ ላይ ቀኝ ሆዱን ይዞ የጎበጠ ሰው ካያችሁ፣ እባካችሁ «በርታ» አትበሉት። መቼ እንደጀመረው፣ ከየት ወዴት እንደዞረ፣ ሲያስል ወይም ሲረግጥ ይብስበት እንደሆነ ጠይቁት። አዎ ካላችሁ፣ ማስታገሻ ውጦ እንዲተኛ አትምከሩት፤ ደግፋችሁ አውርዱትና የዚያኑ ቀን ለሐኪም አድርሱት። ቁርሱን ሌላ ቀን ይከፍላል።