የምርኮኛ ሥዕል ምስክርነት

የድል አድራጊ ታሪክ በሐውልትና በመዝሙር ሲነገር፥ የምርኮኛ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል። ከዚህ ጥፋት ካመለጡት ጥቂት ሥራዎች አንዱ፥ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሮናልድ ሰርል ስለ ምርኮ ዘመኑ ያሳተመው ባለሥዕል መጽሐፍ ነው።

ሰርል በ1920 እ.ኤ.አ. በካምብሪጅ ከተማ ተወልዶ በእንግሊዝ የመሐንዲስ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ የዘመተ ሰው ነበረ። ሲንጋፖር የካቲት 8 ቀን 1934 ዓ.ም. (1942 እ.ኤ.አ.) በጃፓን ጦር እጅ በወደቀች ጊዜ ከብዙ ሺሕ ጓደኞቹ ጋራ ተማረከ። አስቀድሞ በቻንጊ ሰፈር ታሰረ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. ግን ከታይላንድ ወደ በርማ ወደሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ተላከ። በዚህ 415 ኪሎ ሜትር በሚሆን ሐዲድ ከ60 ሺሕ የሚበልጡ ምርኮኞች በጫካና በዝናም ውስጥ ድንጋይ እየፈለጡ፥ አፈር እየተሸከሙ እንዲሠሩ ተገደዱ። ከእነርሱም 12 ሺሕ የሚያህሉት በረኀብ፥ በበሽታና በድብደባ አለቁ። ስለ ምርኮኞች አያያዝ በ1929 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ የተደረገውን ውል የጃፓን መንግሥት ፈርሞ ነበር፤ ነገር ግን አላጸደቀውም።

ሰርል ከሥራ በተረፈችው ጊዜ ባገኘው ቁራጭ ወረቀት ላይ ያየውን ይሥል ነበር፤ የከሱትን ወንድሞቹን፥ የዘበኞቹን ሁኔታ፥ የሞቱትንም። ሥዕሎቹንም በኮሌራ በሚሞቱ ሰዎች ፍራሽ ሥር ይደብቃቸው ነበር፤ ዘበኞቹ በሽታው እንዳይጋባባቸው ፈርተው ወደዚያ አይቀርቡምና። እንዲህ ሆኖ ሊሞቱ የተቃረቡት ሰዎች የታሪክ ጠባቂዎች ሆኑ። በዚያው ሐዲድ የነበረው ሠዓሊ ጃክ ቻልከርም የቆሰሉትን ሰዎችና የሐኪሞቹን ሥራ እየሣለ፥ ወረቀቱን በቀርከሃ ውስጥ ሸሽጎ አድኗል።

ሰርል በ1945 እ.ኤ.አ. ነፃ ሲወጣ 300 የሚያህሉ ሥዕሎች ከእርሱ ጋራ ተርፈው ነበር፤ ኋላም በሎንዶን ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ለተባለው ቤተ መዘክር ሰጣቸው። አርባዎቹን በ1946 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ታሪኩን ከሥዕሎቹ ጋራ በቃሉ የተረከበት «ወደ ክዋይና መልስ» የተባለው መጽሐፍ ግን የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው።

ለፍርድ አንድ ምስክር እንደማይበቃ የታወቀ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ የሚነገር ቃል ቍጣ ሊጨምርበት፥ መርሳትም ሊቀንስበት ይችላል፤ በዕለቱ የተሣለ ወረቀት ግን በዕለቱ እንደ ታየው ይኖራል። ሥዕልም ብቻውን ሲሆን የሰውየውን መልክ ያሳያል እንጂ ማን እንደ ነበረና ስለ ምን እንደ ሞተ አይናገርም። የሰርል መጽሐፍ የሚታመነው ሁለቱ ምስክሮች በአንድነት ስለ ቆሙበት ነው።

ነገር ግን በዚያው ሐዲድ ላይ ከበርማ፥ ከማላያና ከጃቫ የመጡ የእስያ ሠራተኞች ከምርኮኞቹ እጅግ በሚበልጥ ቍጥር ሞተዋል። የምርኮኞቹን ሙታን መኰንኖቻቸው በስውርም ቢሆን ይመዘግቡ ነበር፤ ለእነዚህ ግን እንዲህ ያለ መዝጋቢ አልነበራቸውም፤ ሥዕላቸውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቍጥራቸው እስከ ዛሬ በግምት ብቻ ይነገራል።

እንግዲህ መዝገብ በእጁ ያለ ሹም፥ የሙታንን ስም የሚጽፍ ካህንም፥ ሥራውን እንደ ትንሽ ነገር ሊቈጥረው አይገባም። በጊዜው ያልተጻፈ ስም በኋላ ቢፈለግ አይገኝምና።