የልጃችን የትምህርት እቅድ ያለ እኛ አይጻፍ

በዛሬው ዝግጅታችን አካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ስላለባቸው ልጆች እንነጋገራለን። በተለይም በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሲልኩ ስለሚቀርብላቸው አንድ ሰነድ እናነሳለን። ሰነዱ «የተናጠል የትምህርት ፕሮግራም» ሲሆን በአገሩ አጠራር አይ.ኢ.ፒ. ይባላል።

ይህ ሰነድ በትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን በሕግ የመጣ መብት ነው። ቀድሞ አካል ጉዳት ያለባቸው ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ደጅ ይመለሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ግን እነዚህ ልጆች በነጻ እንዲማሩና ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው እቅድ እንዲጻፍላቸው አዘዘ። ሕጉ በ1990 ስሙ ተለውጧል፤ በ2004 ደግሞ ተሻሽሏል።

ነገሩ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ልጃችን ከእኩዮቹ ወደኋላ መቅረቱ ካሳሰበን ግምገማ እንዲደረግለት በጽሑፍ እንጠይቅ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ እናስቀር። ትምህርት ቤቱ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመገምገሙ በፊት ፈቃዳችንን መጠየቅ አለበት። ከፈቀድን በኋላም ስቴቱ ሌላ ቀነ ገደብ ካላወጣ በቀር ግምገማው በ60 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ ይኖርበታል። እዚህ ላይ ልብ እንበል! በቤቱ አማርኛ የሚናገር ልጅ እንግሊዝኛ ስላልቻለ ብቻ አካል ጉዳተኛ ሊባል አይገባም። ሕጉ ይህንን ይከለክላል።

ልጁ ድጋፍ እንደሚያስፈልገው ከተረጋገጠ በ30 ቀናት ውስጥ ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባው ላይ የመደበኛው ክፍል መምህር፣ የልዩ ፍላጎት መምህር፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተወካይና የግምገማውን ውጤት የሚያብራራ ባለሙያ ይገኛሉ። ወላጅም እንደ እነርሱ የቡድኑ አባል እንጂ እንግዳ አይደለም። አስተርጓሚ ካስፈለገ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው። ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተረጉሙ ማድረግ አይገባንም።

ታዲያ ጥሩ እቅድ ከደካማው በምን ይለያል? ሦስት ነገሮችን እንይ። አንደኛው ልጁ ዛሬ ያለበት ደረጃ ነው። ሁለተኛው በዓመት ውስጥ የሚደርስበት ግብ ነው። ሦስተኛው ወደዚያ የሚያደርሰው ድጋፍ ነው። ሦስቱ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ መሆን አለባቸው።

በምሳሌ እንግለጸው። «የልጁ ንባብ ይሻሻላል» የሚል ግብ ቢጻፍ በዓመቱ መጨረሻ መድረሱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ነገር ግን «ልጁ ዛሬ በደቂቃ 40 ቃላት በትክክል ያነባል፤ በዓመቱ መጨረሻ 70 ያነባል፤ በየሁለት ሳምንቱ ይለካል» ቢባል ሁላችንም እንጠይቅበታለን። ድጋፉም እንዲሁ ነው። «እርዳታ ያገኛል» ከማለት ይልቅ «በሳምንት 3 ቀን፣ በየቀኑ 30 ደቂቃ፣ በዚህ ክፍል» ተብሎ መጻፍ አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 ኦቲዝም ባለበት ልጅ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ እቅዱ ለልጁ ሁኔታ የሚመጥን እድገት የሚያስገኝ መሆን እንዳለበትና ከምንም በጥቂቱ ብቻ የሚሻል ለውጥ እንደማይበቃ ገልጿል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ መብት ዝም ላለ ወላጅ እምብዛም አይጠቅምም። እኛ መምህርን ማክበር ያደግንበት ነው፤ መልካም ባሕል ነው። ነገር ግን «እርሱ ያውቃል» ብለን አንገታችንን ደፍተን ከወጣን የልጃችን አንድ ዓመት ሊባክን ይችላል። ሌሎቻችን ደግሞ «ሰው ምን ይላል?» ብለን የልጁን ችግር እንደብቃለን። መምህሩ ትምህርቱን ያውቃል፤ ልጁን የምታውቀው ግን እናቱ ናት። ምን እንደሚያስፈራው፣ በምን እንደሚረጋጋ፣ ብቻውን መልበስና መታጠብ መቻሉን ከቤተሰቡ በላይ የሚነግራቸው የለም። ሴት ልጃችን መጸዳጃ ቤት ስትሄድ የምትረዳት ሴት እንድትሆን ከፈለግንም የምንናገረው እዚያው ነው።

ያልገባንን ወረቀት አንፈርም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ ድጋፍ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ አይጀመርም። የእቅዱን ቅጂም በነጻ እናገኛለን። እቅዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል፤ ለውጥ ካላየን ግን ዓመቱን ሳንጠብቅ ስብሰባ መጠየቅ እንችላለን። ካልተስማማንም በሽምግልና ወይም በአቤቱታ ጉዳዩን መቀጠል ይቻላል። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው በሚጸናው እቅድ ውስጥ ደግሞ ከትምህርት በኋላ ስለሚጠብቀው ሥራና ኑሮ መካተት አለበት።

በአገር ቤት የምትገኙ አድማጮቻችንም ከዚህ የምትወስዱት አለ። አንድ ደብተር ግዙ። ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ልጁ ዛሬ የሚችለውን፣ ከሦስት ወር በኋላ እንዲችል የምትፈልጉትንና ማን፣ መቼ እንደሚረዳው ጻፉ። ቀኑ ሲደርስ ደብተሩን ገልጣችሁ ተነጋገሩበት።

ልጆቻችን አማና ናቸው። አላህ አማናውን የምንወጣ ያድርገን።